«ሚቶኮንድሪያዬን ላጠናክር?»፦ ብግነቱ ላልበረደ ሳንባ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የ46 ዓመት ሰው ነኝ። ከ4 ወር በፊት ከባድ የሳንባ ምች ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። መድኃኒቴን ጨርሼ ወጣሁ። ሳሉ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ደረጃ ስወጣም ቶሎ ይደክመኛል። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ጠፍቷል፣ ብግነቱ ግን ገና አልበረደም ብሎኛል። ሳነብ ደግሞ ሚቶኮንድሪያ የሴል ባትሪ እንደሆነ፣ እሱ ሲዳከም ኢሚዩኒቲ እንደሚወርድና ሳንባም በዚያ ምክንያት እንደሚቆጣ አየሁ። ኮኤንዛይም ኪው 10 እና አንቲኦክሲዳንት ብወስድ ሚቶኮንድሪያዬ ተጠናክሮ ብግነቱ ይጠፋልኝ ይሆን? ለ20 ዓመት አጭሻለሁ፤ አሁን በቀን 3 ወይም 4 ብቻ ነው።»

መጀመሪያ መቃናት ያለበት ነገር «ኢሚዩኒቲ ሲወርድ ሳንባ ይቆጣል» የሚለው ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብግነት ማለት የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ይሾልካል፣ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። የእርስዎ ሳንባ የጎደለው ተዋጊ አይደለም። ውጊያው ካለቀ በኋላ ተዋጊዎቹ ወደየቤታቸው አልገቡም፤ ችግሩ ይሄ ነው። ስለዚህ «ኢሚዩኒቲ ከፍ ያደርጋል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር፣ እንዳሉት ቢሠራ እንኳ፣ እርስዎን የሚጠቅም አይደለም። እርስዎ የሚፈልጉት የሚያበርድ ነው።

ሁለተኛው «ባትሪ» የሚለው ቃል ነው። ባትሪ ኃይል ያጠራቅማል። ሚቶኮንድሪያ አያጠራቅምም። ከምግብ የመጣውን ነዳጅ በኦክስጅን እያቃጠለ፣ ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ኃይል በየሰከንዱ ያመርታል። ይሄ እውነት ነው፤ ግን ከታሪኩ ግማሹ ብቻ ነው። በበሽታ መከላከያ ሴሎች ውስጥ ሚቶኮንድሪያ ደወል ይደውላል፤ ፍሬንም ይይዛል። ብግነቱን የሚያስነሳውም የሚያበርደውም እሱ ነው። ሁለቱንም የሚሠራ ነገር «ይጠናከር» ሲባል የትኛው ጎኑ ነው የሚጠናከረው? የጥያቄዎ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። መልሱን ለማየት ወደ ሳንባው ውስጥ መግባት አለብን።

ሳንባ ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን የሚደርሱ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት። በቀን 10,000 ሊትር ገደማ አየር ይገባል ይወጣል። ከአየሩ ጋር አቧራ፣ ጭስ፣ ጀርም ይገባል። በየከረጢቱ ውስጥ እየተዘዋወሩ ይህን የሚለቅሙ ሴሎች አሉ፤ ማክሮፌጅ ይባላሉ። የሳንባ ማክሮፌጅ በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ መሆንም አለበት። ባየው አቧራ ሁሉ ብግነት ቢያስነሳ ኖሮ፣ ከረጢቶቹ በፈሳሽ ይሞሉና መተንፈስ አይቻልም ነበር። በዚህ የሰላም ጊዜ ማክሮፌጁ ኃይሉን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሚቶኮንድሪያ ነው። ከረጢቶቹን ከውስጥ የሚቀባውን ቅባት ያረጀውን እየዋጠ ያቃጥላል፤ ሥራውን ቀስ ብሎ ይሠራል።

ባክቴሪያ ሲገባ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ማክሮፌጁ ሚቶኮንድሪያውን ለኃይል ማምረቻነት መጠቀሙን ይቀንስና ስኳርን በጥድፊያ መስበር ይጀምራል። ይሄ መንገድ አባካኝ ነው። ከአንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ ብቻ ይገኝበታል፤ በሚቶኮንድሪያ በኩል ቢሆን 30 ገደማ ይገኝ ነበር። ግን ፈጣን ነው። ይህን በላብራቶሪ በዓይን ማየት ይቻላል። ማክሮፌጆች የሚያድጉበት ፈሳሽ ሮዝ ቀለም አለው። በፈሳሹ ላይ ከባክቴሪያ ግድግዳ የተወሰደ ቁራጭ ጠብ ይደረግና ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ሮዙ ወደ ብጫ ዞሮ ይገኛል። ሴሎቹ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ሲሰብሩ አድረው ላክቲክ አሲድ ለቀዋል፤ ቀለሙን የቀየረው አሲዱ ነው። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ሳየው ይደንቀኛል። አንድም ሕያው ባክቴሪያ በሌለበት፣ ሽታው ብቻ ሴሎቹን ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀሳቅሳቸው አደረ ማለት ነው።

ታዲያ በዚህ ሰዓት ሚቶኮንድሪያው ምን ይሠራል? «ተዳክሟል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ስህተቱም እሱ ነው። ኃይል ማምረቱን ትቶ መልእክት ወደ መላክ ዞሯል። ውስጡ የነበረው የኬሚካል ዑደት ይቆራረጥና ሰክሲኔት የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሉክ ኦኒል ቡድን በ2013 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዳሳየው፣ የተጠራቀመው ሰክሲኔት ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ያስመርታል። ትኩሳት ከሚያመጡት መልእክተኞች አንዱ ይሄ ነው። የተቆራረጠው ዑደት ግን ሌላም ነገር ያወጣል፤ ኢታኮኔት ይባላል። ይሄኛው ሥራው ተቃራኒ ነው፣ ብግነቱን ይገታል። በ2018 የወጣ ጥናት፣ ኢታኮኔት የሴሉን የራስ መከላከያ ጂኖች እንደሚያስነሳና የብግነት መልእክተኞችን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልብ ይበሉ፤ ቤንዚኑም ፍሬኑም የሚወጡት ከዚያው ከሚቶኮንድሪያው ነው።

በቫይረስ ጊዜ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ማቭስ የሚባል ፕሮቲን አለ። በ2005 ሲታወቅ ብዙዎችን ያስገረመው ቦታው ነበር፤ የሚቀመጠው በሚቶኮንድሪያ ውጫዊ ሽፋን ላይ ነው። የቫይረስ አር ኤን ኤ በሴሉ ውስጥ ሲገኝ ማቭስ እርስ በርሱ ይያያዝና ኢንተርፌሮን የሚባለው ፀረ ቫይረስ መልእክተኛ እንዲመረት ትእዛዝ ያስተላልፋል። ሚቶኮንድሪያ እዚህ ጋ ደወሉ የተሰቀለበት ግድግዳ ነው ማለት ይቻላል።

ለእርስዎ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሚቀጥለው ነው። ሚቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን ራሱን ችሎ የሚኖር ባክቴሪያ ነበር። ሊን ማርጉሊስ ይህን ሐሳብ በ1967 አጥብቀው ሲጽፉ ብዙ ሰው አልተቀበላቸውም ነበር፤ ዛሬ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የዚያ ዘር ምልክት እስካሁን አለበት። የራሱ ዲ ኤን ኤ አለው፤ እንደ ባክቴሪያ ክብ ነው፣ 16,569 ፊደልና 37 ጂን ብቻ የያዘ። ፕሮቲን መሥራት የሚጀምረውም እንደ ባክቴሪያ ነው። ይሄ ሁሉ በሴሉ ውስጥ ተሸፍኖ ሲኖር ችግር የለውም። ሴሉ ሲፈነዳ ወይም የሚቶኮንድሪያው ሽፋን ሲቀደድ ግን ዲ ኤን ኤው ይፈስሳል። መከላከያ ሥርዓቱም «ባክቴሪያ ገባ!» ብሎ ይነሳል። የራሱን ሰው ከጠላት ጋር ያምታታል።

ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳየው በ2010 የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በአደጋ ክፉኛ የተጎዱ ሰዎችን ደም መረመሩ። የሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ ከጤነኛ ሰው እጅግ በዛ ብሎ ተገኘ። ባክቴሪያ ግን አልነበረም። የሚቶኮንድሪያ ስብርባሪ ለአይጦች ሲሰጥ ደግሞ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ተነሡ፣ ሳንባም ተጎዳ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው፣ ደረቱን ምንም ሳይነካው፣ ከቀናት በኋላ ሳንባው ውኃ የሚቋጥርበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ተገለጠ። በሳንባ ምችም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ይሞታል። የተጎዱት የሳንባ ሴሎችና የሞቱት ኒውትሮፊሎች ግን ቦታው ላይ ይቀራሉ፤ ከእነሱ የሚፈስሰው ስብርባሪም ደወሉን መደወሉን ይቀጥላል። ሐኪምዎ «ኢንፌክሽኑ ጠፍቷል፣ ብግነቱ አልበረደም» ያሉት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አይደለም።

ታዲያ ብግነት እንዴት ይበርዳል? ብዙ ሰው መልእክተኞቹ ሲያልቁ በራሱ የሚጠፋ ይመስለዋል። አይደለም፤ ማብረድ ራሱ ሥራ ነው። ማክሮፌጁ የሞቱትን ኒውትሮፊሎች አንድ በአንድ መዋጥ አለበት። ሲውጣቸው ባሕርዩ ይቀየራል፤ ከሚቆጣ ወደሚያረጋጋ ይዞራል። አንዱን ውጦ ሌላውን ለመድገም ደግሞ ሚቶኮንድሪያው መከፋፈል መቻል አለበት፤ ካልተከፋፈለ ማክሮፌጁ ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ ይቸገራል። የተበላሹ ሚቶኮንድሪያዎችም በጊዜው መወገድ አለባቸው። ሴሉ ያረጀውን ሚቶኮንድሪያ ጠቅልሎ የሚፈጭበት የጽዳት መንገድ አለው። ጽዳቱ ሲዘገይ የተቀደደው ይከማቻል፣ ዲ ኤን ኤው ይሾልካል፣ ደወሉ ይቀጥላል። የከረጢቶቹን ግድግዳ የሚጠግኑት ሴሎችም ሚቶኮንድሪያ ይፈልጋሉ። ቅባቱን የሚሠሩትና ግድግዳው ሲጎዳ ተባዝተው የሚተኩት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ የመጨረሻ መስመር ልምጣ። «በቀን 3 ወይም 4 ብቻ።» በዚያ «ብቻ» አልስማማም። ከሳንባ በሚታጠብ ፈሳሽ ውስጥ የተገኘን የአጫሽ ማክሮፌጅ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው አይረሳውም። የማያጨስ ሰው ማክሮፌጅ ውስጡ ንጹህና ግራጫ ነው። የአጫሹ በቡናማና ጥቁር ቅንጣት ታጭቋል። ቁጥሩ ይበዛል፤ ባክቴሪያ የመዋጥና ሬሳ የማጽዳት ጉልበቱ ግን ያነሰ ነው። ጭሱ በቀጥታ ሚቶኮንድሪያን ይቆራርጣል፣ ከመጠን ያለፈ የኦክስጅን ቅሪት (ያገኘውን የሚያጠቃ የኦክስጅን ውህድ) እንዲለቅ ያደርገዋል፣ የጽዳቱንም መንገድ ያዛባል። ማለትም ከላይ የዘረዘርኩትን የማብረድ ሥራ ደረጃ በደረጃ ያፈርሰዋል። ሚቶኮንድሪያዎን የሚጎዳውን ነገር በየቀኑ እየሳቡ፣ የሚጠግነውን ከብልቃጥ መፈለግ አይሆንም። መቀነስዎ ጥሩ ነው፤ ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ። ግን በቀን አንድ ሲጋራ እንኳ ለልብ ሕመም የሚያጋልጠው፣ 20 የሚያጨስ ሰው ካለበት አደጋ ግማሽ ገደማ ያህል ነው። ጉዳቱ ከቁጥሩ እኩል አይቀንስም።

ስለ እንክብሎቹ። ኮኤንዛይም ኪው 10 በእውነትም በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመላልስ ንጥረ ነገር ነው፤ ያነበቡት ውሸት አይደለም። ጤናማ ሰውነት ግን ራሱ ይሠራዋል። ከሳንባ ምች በኋላ የቀረ ብግነትን እንደሚያበርድ የታየ ነገር የለም። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የመድኃኒቱን ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። የኦክስጅን ቅሪትን ይጠርጋሉ የሚባሉት አንቲኦክሲዳንቶች ላይ የበለጠ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ምክንያቱም እርስዎ ያጨሳሉ። በፊንላንድ በ29,133 ወንድ አጫሾች ላይ የተደረገ ትልቅ ሙከራ ውጤቱ በ1994 ወጣ። ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት የወሰዱት ሰዎች የሳንባ ካንሰር ቀነሰላቸው ተብሎ ሲጠበቅ 18 በመቶ ጨመረባቸው። በአሜሪካ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራም ያንኑ አዝማሚያ ስላሳየ በ1996 ከጊዜው ቀድሞ ቆመ። ቪታሚን ሲም ቢሆን፣ በ2022 በወጣ ጥናት ደማቸው በኢንፌክሽን ተመርዞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለነበሩ ሰዎች በብዛት በደም ሥር ሲሰጥ፣ የሞትና የአካል ክፍሎች ሥራ ማቆም አደጋውን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ለምን? የኦክስጅን ቅሪቶች መርዝ ብቻ ስላልሆኑ። ሴሎች ጀርም የሚገድሉባቸውና መልእክት የሚላላኩባቸው እነሱም ናቸው። ጠርጎ ማጥፋት ማለት መልእክቱንም ማጥፋት ነው።

የሰዓቱ ነገርም አለ። ብግነትን መጫን የሚጠቅመው በትክክለኛው ሰው ላይ፣ በትክክለኛው ሰዓት ነው። በ2020 በእንግሊዝ በተደረገው ሪከቨሪ የተባለ ሙከራ፣ ዴክሳሜታዞን የተባለው ብግነት የሚጫን ስቴሮይድ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩ የኮቪድ ሕሙማን መካከል የሚሞተውን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሕሙማን ግን ጥቅም አልሰጠም። መድኃኒቱ ያው ነው። ስለዚህ ከጓደኛ ወይም ከቤት የተረፈ የስቴሮይድ እንክብል በራስዎ አይጀምሩ። ሐኪም ያዘዘልዎ ካለም በራስዎ ድንገት አያቋርጡ።

ወደፊት ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። በ2012 በአይጦች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከመቅኒ የተወሰዱ ሴሎች የራሳቸውን ሚቶኮንድሪያ ለተጎዱ የሳንባ ሴሎች ሲያቀብሉና ሳንባውን ሲያድኑ ታይቷል። ባነበብኩት ጊዜ ደስታዬ ትልቅ ነበር። ግን አይጥ ላይ ነው። ዛሬ ማንም «የሚቶኮንድሪያ ሕክምና ለሳንባዎ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቅዎ አይክፈሉ። በተራ ክሊኒክ የሳንባ ማክሮፌጅዎን የሚቶኮንድሪያ ጤና የሚለካ ምርመራም የለም። በደም ጠብታ እናያለን የሚልዎ ሰው ስለ ሳንባዎ የሚነግርዎ ነገር አይኖረውም።

ምክሬ የማያሻማ ነው። እንክብሉን አይግዙ። ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ፤ በኒኮቲን ማስቲካ፣ በፕላስተር ወይም ሐኪም በሚያዝዘው መድኃኒት ታግዘው ያቁሙ። ብቻዎን ከመታገል በእርዳታ የሚያቆሙ ሰዎች ይበልጥ ይሳካላቸዋል። ካቆሙ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሳሉ ቢብስብዎ አይደንግጡ፤ የአየር ቧንቧው መጥረጊያ ፀጉሮች ሥራ ሲጀምሩ አክታውን ወደ ላይ ይገፉታል።

ቀጥሎ፣ «ብግነቱ አልበረደም» የሚለውን እንደ መጨረሻ መልስ አይቀበሉት። 4 ወር ረጅም ጊዜ ነው። ከሳንባ ምች በኋላ ምልክቱ ካልጠፋ፣ ወይም ሰውየው አጫሽ ከሆነ፣ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ የደረት ራጅ መድገም የተለመደ አሠራር ነው። ተደግሞልዎ ካልሆነ ይጠይቁ። ጥላው ካልጠፋ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፤ ከሳንባ ምች ጀርባ ዕጢ የሚደበቅበት ጊዜ አለና። አክታዎ ለቲቢ ይመርመር። በመንፋት የሚሠራው የሳንባ አቅም ምርመራም ይሠራልዎ፤ የ20 ዓመት አጫሽ ሳልና ድካም፣ ከሳንባ ምቹ በፊት የጀመረ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ በሚሳብ መድኃኒት የሚታከም ነው። የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮካል ክትባት ነገርም በዚያው ይነሣ። አክታዎ ውስጥ ደም ካዩ፣ ደረትዎን ሲተነፍሱ ከወጋዎ፣ አንድ እግርዎ ካበጠ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም ሌሊት በላብ ከተጠመቁ ቀጠሮ አይጠብቁ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከሆነ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ሰው ሳንባ ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል።

የደረጃው ድካም ይቀራል። ሁሉም ከሳንባ የመጣ ላይሆን ይችላል። አልጋ ላይ በተኙባቸው ቀናት የጭንዎ ጡንቻ ቀንሷል፤ በውስጡ ያለው ሚቶኮንድሪያም አብሮ ቀንሷል። «ማጠናከር» የሚለው ቃል በትክክል የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ጡንቻ በእንቅስቃሴ ሲጠየቅ አዳዲስ ሚቶኮንድሪያ ይሠራል፤ ይሄ በሰው ላይ በሚገባ የታየ ነው። ምርመራዎቹ አልቀው ሐኪምዎ ሲፈቅዱልዎ በእግር ይሂዱ። ፍጥነቱን በትንፋሽዎ ይለኩት፤ እየሄዱ ማውራት መቻል አለብዎ፣ መዝፈን ግን ሊያቅትዎ ይገባል። በቀን በ10 ደቂቃ ይጀምሩ። በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩበት። ከ2 ወር በኋላ ያንኑ ደረጃ ይውጡትና ስንተኛው ላይ እንደቆሙ ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ።